የማይጠፉ መርዞች፦ የአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት፣ የድሮ ዲዲቲና የገመድ ጭስ ሲያጋጥመን ምን እናድርግ?

መርዝ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ጎድቶን ያልፋል፤ ከዚያ ፀሐይ፣ ዝናብና አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት ተባብረው ያፈራርሱታል። ሌላው ግን እንቢ ይላል። ዛሬ ደጃችሁ ላይ የፈሰሰው ልጃችሁ አድጎ ሲዳርም እዚያው አፈር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የምጽፈው ስለዚህኛው ነው።

ደግሞ የአዲስ አበባ ወይም የውጭ አገር ፋብሪካዎች ጉዳይ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታዩት። ጎንደር ውስጥ ጋራዥ ያላችሁ፣ ብየዳ ቤት የምትሠሩ፣ ውራጅና ቁርጥራጭ ብረት የምትገዙ፣ ደንቢያ ወይም መተማ ቤተሰብ ያላችሁና ጎተራ ጥግ ስሙ የጠፋ የተባይ መድኃኒት የተቀመጠባችሁ፣ ከሰል በፌስታል የምታቀጣጥሉ (ማን የማያደርግ አለ?)፣ ጉዳዩ የእናንተ ነው።

ዋናውን ነገር ቀድሜ ልናገር። እነዚህን ኬሚካሎች በቤትና በሰፈር አቅም ማጥፋት አይቻልም። ብታፈሉት፣ ብታጥቡት፣ ብትቀብሩት፣ ብታቃጥሉት አይሆንም፤ እንዲያውም ማቃጠሉ የባሰ ነገር ይፈጥራል። ከእኛ የሚጠበቀው እንዳይበተኑ ማድረግ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ጠባያቸውን እንወቅ

በእንግሊዝኛ አህጽሮት «ፖፕስ» ይሏቸዋል። አራት ጠባይ አላቸው። አይፈራርሱም፤ ስብ ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ በአየርና በውሃ ሩቅ ይጓዛሉ፤ መርዛማ ናቸው። ለምሳሌ ዲዲቲ አፈር ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይፈጅበታል። ከዳዮክሲን (አንዳንድ ፕላስቲክና ገመድ ሲቃጠል ከሚፈጠሩት መርዞች) ወገን ዋናው ሰውነታችን ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ከ7 እስከ 11 ዓመት ያስፈልገዋል።

ስብ ውስጥ መጠራቀማቸው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሙም። ስለዚህ ወንዝ ሲገቡ ደለል ላይ ይለጠፋሉ። ደለሉን ትሎችና ጥቃቅን እንስሳት ይበሉታል፣ እነሱን ትንሽ ዓሣ፣ ትንሹን ዓሣ ትልቁ፣ ትልቁን ደግሞ እኛ። በየደረጃው የሚበላው አካል መርዙን አያስወጣም፤ ያከማቻል። በመጨረሻ ውሃው ውስጥ ከነበረው በብዙ ሺህ እጥፍ የበለጠ መጠን ስቡ ውስጥ ይገኛል። ቀሃና አንገረብ መገጭ ይገባሉ፣ መገጭ ጣና ይገባል። ከተማ ውስጥ ቦይ ላይ የደፋነው ነገር የት እንደሚደርስ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሕጉን በአጭሩ፦ እነዚህን ኬሚካሎች የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2001 ጸድቆ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። ሲጀምር 12 ኬሚካሎችን ይዞ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጨምረዋል። ኢትዮጵያም አባል ናት። አገር ውስጥ ደግሞ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። ስለዚህ «ማን ይጠይቀኛል» የሚባለው አይሠራም፣ ቢያንስ ወረቀት ላይ።

1. ምን እንዳላችሁ ለዩ

ግቢያችሁን፣ መጋዘናችሁን፣ የሥራ ቦታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። የምትፈልጉት እነዚህን ነው።

የትራንስፎርመርና የካፓሲተር ዘይት። በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ እንደ ዘይት ያገለግል የነበረው ፒሲቢ የሚባለው ኬሚካል ከ1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለንግድ ተመረተ። አይቀጣጠልም፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ሙቀት ይችላል፤ ለመሐንዲስ ሕልም ነበር። አሜሪካ በ1979 ምርቱን ከለከለች፣ አብዛኛው ዓለም በ1980ዎቹ አቆመ። ስለዚህ መጀመሪያ የምታዩት የተመረተበትን ዓመት ነው። ከ1990 (እ.ኤ.አ.) በፊት ከሆነ ጠርጥሩ። ሰሌዳው ላይ አስካሬል፣ አሮክሎር፣ ክሎፌን፣ ፒራሌን ወይም ሶቮል የሚል ካነበባችሁ ጥርጣሬው አለቀ፣ ፒሲቢ ነው። የማቀዝቀዣው ዓይነት «ኤል ኤን ኤ ኤን» (LNAN) ከሆነም አደገኛ ምልክት ነው፤ «ኦ ኤን ኤ ኤን» (ONAN) የሚለው ተራ የማዕድን ዘይት ነው ማለት ነው። ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተራ ዘይት ያለው ትራንስፎርመር ለጥገና ሲሄድ ፒሲቢ በነካው ፓምፕ ወይም በርሜል ከተሞላ እሱም ይበከላል። ሰሌዳው ንጹሕ፣ ሆዱ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል።

የድሮ የፍሎረሰንት መብራት ባላስትም አለ፤ ውስጡ ትንሽ ካፓሲተር ይኖራል። በደርግ ጊዜና ከዚያ በፊት በተሠሩ ሕንፃዎች እድሳት ሲደረግ እነዚህ በጆንያ ተሞልተው ይወጣሉ። ቅባት ያንጠባጠበውን በባዶ እጅ አትንኩ።

የድሮ የተባይ መድኃኒት። ዲዲቲ፣ አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ለምስጥ ይረጭ የነበረው ክሎርዴን፣ ሊንዴን፣ ኢንዶሰልፋን። ማላታይን፣ ቱ ፎር ዲና ራውንድአፕ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። እነሱም መርዝ ናቸው፣ በተለይ ማላታይን በደንብ ካልተያዘ ወዲያው ይጎዳል፣ ግን ለአሥርተ ዓመታት አፈር ውስጥ አይቆዩም።

የድሮ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር የፕላስቲክ ቅርፊት። እሳት እንዳይይዘው ብሮሚን ያለበት ኬሚካል የተጨመረበት አለ። ሳይቃጠል ብዙ አያስቸግርም።

በመጨረሻ ፒፋስ የሚባሉት፤ ነዳጅ ለማጥፋት በሚውል የእሳት አደጋ አረፋ፣ ውሃና ቅባት በማይዘው ጨርቅና ወረቀት ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህ ስብ ሳይሆን ደም ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ነው የሚጣበቁት። ጊዜው ያለፈበት አረፋ መጋዘን ውስጥ ካላችሁ ለልምምድ ብላችሁ መሬት ላይ አትርጩት።

2. ዘይቱን እንዴት እንፈትሸው?

ቀላል የሆነ የመጀመሪያ ፈተና አለ። ጓንት አድርጉ፤ ስስ የሕክምና ላቴክስ ሳይሆን ወፈር ያለ ናይትራይል፣ ምክንያቱም ፒሲቢ በቆዳ ይገባል። የማትፈልጉት ብርጭቆ ውስጥ ውሃ አድርጉና ጥቂት የዘይት ጠብታ ጨምሩ። ፒሲቢ ከውሃ ይከብዳል፤ ወደ ታች ከሰጠመ ንጹሕ ፒሲቢ ነው ብላችሁ ውሰዱት። ከተንሳፈፈ ግን ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። የማዕድን ዘይት ሆኖ ትንሽ ፒሲቢ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፣ እሱን ላቦራቶሪ ብቻ ነው የሚለየው። ብርጭቆውንም ውሃውንም ከዘይቱ ጋር አብራችሁ አሽጉ እንጂ ቦይ ውስጥ አትድፉት።

መስመሩ የት ነው? በአንድ ኪሎ ዘይት ውስጥ 50 ሚሊግራም። ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ፒሲቢ ቆሻሻ ነው የሚያዘው። ይህን ቁጥር ገልብጣችሁ ብታዩት ያስደነግጣል፦ አንድ ኪሎ ንጹሕ ፒሲቢ 20 ቶን ንጹሕ ዘይትን እዚህ መስመር ላይ ያደርሳል። «ከሌላ ዘይት ጋር ቀላቅለን እናሳሳው» የሚል ብልጠት የመጣለት ካለ፣ ያደረገው አንድ በርሜል ችግርን መቶ በርሜል ማድረግ ነው።

አሁን የማይወደድ ነገር ልናገር። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የትራንስፎርመር ዘይት ከብየዳ ማሽን ማቀዝቀዣነት አልፎ ለቁስል፣ ለፀጉር፣ ለእንጨት ቅባት፣ አልፎ ተርፎ ለመጥበሻ ሲሸጥ ተገኝቷል። ጠራ ያለ፣ የማይሸት፣ ቶሎ የማያልቅ ዘይት በርካሽ ሲቀርብላችሁ «ከየት መጣ» በሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 ጃፓን ውስጥ፣ በ1979 ደግሞ ታይዋን ውስጥ የሩዝ ዘይት ፋብሪካ ላይ ከቱቦ ያመለጠ ፒሲቢ ምግብ ዘይት ውስጥ ገብቶ ከሺህ በላይ ሰው ታመመ። ፊትና ጀርባ ላይ ቶሎ የማይድን ብጉር፣ የዓይን ፈሳሽ፣ የጠቆረ ጥፍር፣ ከታመሙ እናቶች ቆዳቸው ጠቁሮ የተወለዱ ሕፃናት። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ካንሰር አምጪነቱም ተረጋግጧል።

3. ሳይበተን ማስቀመጥ

የብረት በርሜል ተጠቀሙ። ፕላስቲክ ጀሪካን ለፒሲቢ አይሆንም፣ በጊዜ ብዛት ይለሰልሳል፣ ደግሞ ጀሪካን ቤት ውስጥ ሲገኝ ዕጣው የታወቀ ነው፤ አንድ ቀን አንዱ አጥቦ ጠላ ይቀዳበታል።

በርሜሉን ጣሪያ ያለው፣ ወለሉ ስንጥቅ የሌለው ሊሾ የሆነ፣ የሚቆለፍ ክፍል ውስጥ አድርጉት። መሬት ላይ ሳይሆን የእንጨት ርብራብ ላይ አንሱት፣ ከሥሩ የሚያንጠባጥብ ቢኖር ሙሉውን በርሜል ሊይዝ የሚችል የብረት ትሪ ይኑር። ትራንስፎርመሩ ራሱ ካለ አትክፈቱት። መዳቡን ለመሸጥ ብላችሁ ዘይቱን መሬት ላይ ማፍሰስ ከሁሉ የከፋው ነው፤ መዳቡ የሚያወጣው ብር ቦታውን ለማጽዳት ከሚያስፈልገው ጋር አይገናኝም። የጎንደር ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ላይ ግቢ ውስጥ የፈሰሰ ነገር ነሐሴ ሳይገባ ወንዝ ውስጥ ነው።

ከፈሰሰስ? ውሃ አትርጩ፣ በላርጎ አትጠቡ። ዙሪያውን በአፈር ገድቡ፣ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አፈር አፍሱበት፣ እስኪጠጣው ጠብቁ፣ በአካፋ ዝቃችሁ በርሜል ውስጥ ክተቱ። ዘይቱ የነካውን አፈርም ጨምራችሁ ውሰዱ። አካፋውን ያጸዳችሁበት ጨርቅ፣ ጓንቱ፣ ሰጋቱራው ሁሉ አሁን ያው መርዝ ነው፣ አብሮ ይታሸግ። ቆዳችሁን ከነካ በሳሙናና ብዙ ውሃ ታጠቡ። በቤንዚን ወይም በቲነር መታጠብ የጋራዥ ልማድ ነው፤ የቆዳን ቅባት አጥቦ ለመርዙ በር ይከፍትለታል።

በበርሜሉ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉበት፦ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደታሸገ፣ «አይከፈት፣ አይሸጥ»። ሰው ይቀየራል፣ ቤት ይሸጣል፣ ጽሑፍ የሌለው በርሜል ግን ሁልጊዜ አንድ ገዢ ያገኛል።

4. የድሮ ዲዲቲና የጓደኞቹ ነገር

ዲዲቲን ስናማ ታሪኩን አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ፤ በማግስቱ በ1954 የጎንደር የጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ ሲከፈት ይህ መቅሠፍት አንዱ ምክንያት ነበር። ከዚያ በኋላ ዲዲቲ በየጎጆው ግድግዳ ተረጨ፣ ነፍስም አዳነ። አባቶቻችን «ዲዲቲ ረጪ መጣ» ሲባል ዕቃ ወደ ውጭ የሚያወጡት ለዚህ ነው። የስቶክሆልም ስምምነትም ቢሆን ለወባ ቁጥጥር ብቻ በር ትቶለታል። እኛ አገር ግን ትንኟ ስለተላመደችው ለቤት ርጭት መጠቀሙ ቀርቷል። ችግሩ ከግድግዳው ወጥቶ ጎተራ መግባቱ ነው፤ ለነቀዝ፣ ለቲማቲም፣ ለጫት። እህል ላይ የተነሰነሰ ዲዲቲ በማበጠርም በማጠብም ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

ቤት ውስጥ አሮጌ ዱቄት ወይም ጠርሙስ ካገኛችሁ እንዲህ አድርጉ። አታራግፉት፣ አታሽትቱት። ከረጢቱ ከተቀደደ እንዳለ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ፣ ከዚያ ክዳን ያለው ባልዲ ወይም በርሜል ውስጥ ክተቱት። ዱቄት ከሆነ በትንሹ ውሃ አርከፍክፉበት እንዳይቦን፣ እንዳይፈስ ግን ተጠንቀቁ። የጨርቅ ማስክ ለዱቄቱ ያህል ትንሽ ይረዳል፣ ለእንፋሎቱ ምንም አይፈይድም። ወረቀቱ ወይም ምልክቱ ካለ አትቅደዱት፤ ስሙ ያልታወቀ መድኃኒትን ማስወገድ ከታወቀው በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ከምግብ፣ ከመኖና ከሕፃናት አርቃችሁ ቆልፉበት። አትቅበሩት። «ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት» የሚሉ አሉ፤ የቀበሩት ከጎረቤት ውሃ ጉድጓድ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን ሲጠየቁ አያውቁትም።

ባዶ ዕቃውስ? ፈሳሽ የነበረበትን ገና እንዳለቀ ሦስት ጊዜ እያለቀለቃችሁ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሩና ማሳው ላይ እርጩት፣ ከዚያ ዕቃውን ብሱት። ይህ ዛሬ ለተፈቀዱት መድኃኒቶች ነው። የተከለከሉት የነበሩበት ዕቃ ሳይታጠብ ከእነሱው ጋር ይታሸግ። ለቁራሌው አትስጡ፣ ገበያ ላይ ጀሪካን ስትገዙም አፍንጫችሁን ተጠቀሙ፣ የሚሸት ከሆነ በነጻም አትውሰዱ።

የዋጠ ሰው ካለ አታስታውኩት፣ ወተት ወይም ዘይት አታጠጡት (ስብ መምጠጡን ያፋጥነዋል)፣ ዕቃውን ይዛችሁ ሆስፒታል ሩጡ።

5. ጭሱ

ይህን ክፍል ብቻ አንብባችሁ ብትሄዱ ቅር አይለኝም። ዳዮክሲንን ማንም ፋብሪካ ሆን ብሎ አምርቶት አያውቅም። ክሎሪን ያለበት ነገር በዝቅተኛ እሳት ሲጨስ ራሱ ይፈጠራል፣ በተለይ ጭሱ ከ450 እስከ 200 ዲግሪ እየበረደ ሲሄድ። ዘመናዊ ማቃጠያ ከ850 ዲግሪ በላይ፣ ለፒሲቢ ከ1,100 በላይ አድርጎ ቢያንስ ለ2 ሰከንድ ያቆየዋል፣ ከዚያ በፍጥነት ያቀዘቅዘዋል፣ ያጣራዋል። ጓሮ ውስጥ ያለ የቆሻሻ እሳት ይህን ሁሉ አያደርግም።

ዋናው ጥፋተኛ ፒቪሲ ነው፦ የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ፣ የውሃ ቱቦ፣ የፕላስቲክ ምንጣፍ። የባሰው ደግሞ ገመድ ማቃጠል ነው፤ ክሎሪኑም አለ፣ መዳቡም አለ፣ መዳብ ደግሞ ዳዮክሲን እንዲፈጠር ያግዛል። መዳብ የምትሰበስቡ ልጆች፣ ገመዱን በቢላ ወይም በመላጫ መሣሪያ ልጡት። ጊዜ ይፈጃል፣ አውቃለሁ። ግን ያልተቃጠለ ደማቅ መዳብ ከጠቆረው የተሻለ ዋጋ ያወጣል፣ ገዢዎችን ጠይቁ። ገዢዎችም የተቃጠለውን ባትገዙ እኮ ነገሩ በአንድ ሳምንት ይቆም ነበር።

ፌስታል ከፒቪሲ ይሻላል፣ ብዙውን ጊዜ ክሎሪን የለበትም። ግን ቀለሙና ቆሻሻው፣ ደግሞ ጭሱ የሚሄደው ቡና የምታፈላዋ ሴት ፊት ላይ ነው። ከሰል ለማቀጣጠል የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የእንጨት ስንጥር፣ ጭራሮ አለላችሁ። አመዱንም ፕላስቲክ ከተቃጠለበት ጎመን መደብ ላይ አትበትኑት፣ ዶሮም አይጫርበት። ቆሻሻና ገመድ የሚቃጠልበት ቦታ ላይ የሚጭሩ ዶሮዎች እንቁላል ውስጥ ዳዮክሲን በብዛት እንደሚገኝ በተለያዩ አገሮች ታይቷል። «የሐበሻ እንቁላል» ብለን የምንኮራበት እዚያ ቦታ ላይ አይሠራም።

6. ምግብና ውሃ

ሰው ዳዮክሲንን ከ90 በመቶ በላይ የሚያገኘው ከምግብ ነው፣ በተለይ ከሥጋ፣ ከወተት ተዋጽኦና ከዓሣ ስብ። ጮማ ቀንሱ ብል የሚሰማኝ የለም፣ በተለይ ለፋሲካ፣ ግን ሞራውን ማንሳት ይረዳል። ጾም በዚህ በኩል ጥሩ ነው። ዓሣ አትብሉ አልልም፤ ሆዱን አጽዱ፣ ስቡንና ጉበቱን ጣሉ፣ አንድ ዓይነት ብቻ ሳይሆን እያፈራረቃችሁ ብሉ። አትክልት በሚፈስ ውሃ እያሻችሁ እጠቡ፣ ሥራሥሩን ላጡ።

ውሃ ማፍላትና ውሃ አጋር መጨመር ለተቅማጥ ጀርም ነው። ለእነዚህ ኬሚካሎች አይሠራም።

እናቶች በጣም የሚጠይቁት አለ። አዎ፣ እነዚህ መርዞች በጡት ወተት ይተላለፋሉ። ግን ማጥባት አታቁሙ። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ጥቅሙ ከጉዳቱ ስለሚበልጥ እንድታጠቡ ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ነው፤ ሰውነት ዓመታት ያጠራቀመውን በአንድ ወር ጾም አያወጣም።

7. ለማን ይሰጣል?

እዚህ ጋ እውነቱን እንነጋገር። «አምጡ እንረከባለን» የሚል መስኮት በየቀበሌው የለም። ስለዚህ በጽሑፍ ነው የምትሄዱት። ትራንስፎርመርና ካፓሲተር ከሆነ መብራት ኃይል ዘንድ፣ የግል ድርጅት ንብረት ከሆነም ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ። የተባይ መድኃኒት ከሆነ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይዛችሁ ወደ ወረዳው ግብርና። መልስ ካጣችሁ ወደ ክልል፣ ከዚያ ወደ ፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን።

አገሪቱ ይህን ሠርታ ታውቃለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በየመጋዘኑ ተከማችቶ ከነበረው ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት ወደ 1,500 ቶን ገደማ ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ፊንላንድ ሄዶ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሏል። ድንበር የሚሻገረው ደግሞ በባዝል ስምምነት መሠረት ተቀባዩ አገር ፈቅዶ ነው። በስቶክሆልም ስምምነት ፒሲቢ ያለባቸው መሣሪያዎች እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) ከአገልግሎት እንዲወጡ፣ ቆሻሻቸው እስከ 2028 (እ.ኤ.አ.) በአግባቡ እንዲወገድ ተቀምጧል። ስለዚህ ቢሮ ስትገቡ «የሌለ ነገር ነው የምትጠይቁ» ቢሏችሁ ይህን አንሡ፣ ግን በትሕትና።

ደብዳቤው ላይ ይህ ይኑር፦ የዕቃው ዓይነትና ብዛት በኪሎ ወይም በሊትር፣ የሰሌዳው ወይም የምልክቱ ፎቶ፣ የተመረተበት ዓመት፣ አሁን እንዴት እንደታሸገና የት እንዳለ፣ የሚያንጠባጥብ መሆን አለመሆኑ፣ ቅርብ ያለው ወንዝ ወይም የውሃ ጉድጓድ። ሁለት ቅጂ አድርጉ፣ መዝገብ ቤት አስገብታችሁ በእናንተው ቅጂ ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። ዕቃውን የሚረከብ ሲመጣ ደግሞ ያለ ርክክብ ሰነድ እንዳትሰጡ፤ «እኛ እናስወግድላችኋለን» ብሎ በፒክአፕ ጭኖ የሚሄድ ሰው የሚያስወግደው ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለ ገደል ውስጥ ነው።